የታውኖ ዙር

ለውድ ወንድሜ ለታውኖ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ሞሪንስ፣ ልጆቹ ግራንትና ሊያንስ ደህና ናቸው? ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? የሞሪን እናት ከወደቁ ወዲህ ቆመው መሄድ ቻሉ? እዚያ አውስትራሊያ ያለው ሙቀትስ በረድ አለላችሁ ወይስ ዶሮዎቻችሁ አሁንም ጥላ ለጥላ እያለከለኩ ነው? ይኸው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ነፍሷን ይማርና እማማ «መጀመሪያ ጤና ተጠያየቁ፤ ከዚያ እንደ ልባችሁ ተጣሉ» ትለን ስለነበር ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት ልጣላህ ነው።

እኛ ደህና ነን። ባሌን ሬይዮን ጉልበቱን ያዝ ያደርገዋል እንጂ አሁንም ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ ይበላል። በረዶው ዘንድሮ ጥሩ ነው። አባባም በሕይወት አሉ። «በሕይወት አሉ» ስልህ ግን ዘለህ እንዳታልፈው። ጤና ጣቢያ ተኝተዋል፤ ልባቸው ነው። እንዳትደነግጥ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ነርሶቹን ይቆጣሉ። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ግን ከእኔ ነው መስማት ያለብህ። በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስለምትስቅብኝ ነው፤ አንተ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ንዴቴ ይጠፋል። ዘንድሮ እንዲጠፋ አልፈልግም።

በመጸው የጻፍኩልህ ደብዳቤ ደርሶኛል ብለሃል። እዚያ ላይ ምን ብዬ ነበር የለመንኩህ? «ለገና ስትደውል ለአባባ እቅጩን ንገራቸው። ‹አልመጣም፤ ስሜን ከበረዶ ሸርተቴው ቅብብል አውጡት› በላቸው። እኔን አይሰሙኝም፤ አንተን ይሰሙሃል» አላልኩህም? አንተስ ምን አደረግህ? ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። «አባባ፣ የሚመጣው ክረምት አብረን ነን! እስከዚያ ዙሬን ጠብቁልኝ!» አልካቸው። ስልኩን ስዘጋ ፊታቸውን ብታየው! «ሰማሽ?» አሉኝ። ሰምቻለሁ። ቆሽቴ አርሮ ድንች ልላጥ ወጥ ቤት ገባሁ።

አንተ እኮ ጨዋታ መስሎህ ነው። እዚያ አገር ሰው «አንድ ቀን እንገናኝ» ተባብሎ ተቃቅፎ ይረሳሳል አሉ፤ ደስ ይላል። እኛ ሙስታላምፒ ያለነው ግን ብዙ አናወራም፤ ያወራናትን ትንሽ ነገር ደግሞ አንለቃትም። ይህን ታውቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ፀሐይ ስትሞቅ ረሳኸው መሰለኝ።

የሚቀጥለውን ለሞሪንና ለልጆቹ ተርጉምላቸው፤ አያታቸው ለምን ጤና ጣቢያ እንደተኙ እንዲገባቸው ከሥሩ ልጀምር።

ጦርነቱ ሲያልቅ መንደራችን ውስጥ ወንድ ያልጎደለበት ቤት አልነበረም። የስፖርት ክለቡ የቤቶችን የበረዶ ሸርተቴ ቅብብል እንደገና ልጀምር ሲል ከየቤቱ ሦስት ሦስት ሰው ከየት ይምጣ? ያኔ ነው ያ ሕግ የወጣው። የሌለ ሰው ዙር አይዘለልም፤ ስሙ በሜዳው ላይ ይጠራል፣ ከቤቱ ሰው አንዱ የመንደሩን ኩሬ ስለ እሱ ይዞርለታል። ሕጉን ካወጡት አንዱ አባባ ናቸው። ወንድማቸው ቪልሆ በመጀመሪያው የጦርነት ክረምት የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ቀርቷል። አባባ በዚያው ግንባር በመንሸራተቻ መልእክት አመላላሽ ነበሩ፤ ሁለት የግራ እግር ጣታቸውን ውርጭ የበላቸው ያኔ ነው። ስለዚያ ክረምት ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ቪልሆን ግን በየዓመቱ ማርች ላይ ዞረውለታል። የራሳቸውን ጨርሰው፣ ውሃ ተጎንጭተው፣ የእሱን ይጀምሩ ነበር።

አንተ ጢም ማብቀል ስትጀምር ያንን ዙር ላንተ ሰጡህ። ሳውና ውስጥ፣ በእንፋሎቱ መሃል ራቁታችሁን ተቀምጣችሁ፣ «ይኸ የአጎትህ ነበር፤ ከእንግዲህ ያንተ ነው» አሉህ፤ ሌላ ንግግር የለም። ላብህን እንኳ ሳትጠርግ እየሮጥክ መጥተህ የነገርከኝ ራስህ ነህ።

ልጆቹ አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። በዚህ ቅብብል ዱላ የለም። የመጣው ሰው የሚጠብቀውን ሰው ጀርባ በመዳፉ ይነካዋል፤ በቃ፣ ያኛው ይሄዳል። ከዚያች መዳፍ በቀር መንገድ ላይ ሰው ከነካህ፣ ወድቀህ ካነሳህ ወይም ከደገፈህ፣ ዙሩ ይሰረዛል።

ከዚያ አንተ አውስትራሊያ ማዕድን ቁፋሮ ልትሄድ ተነሳህ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ «አባባ! እስክመለስ ዙሬን ያዙልኝ!» ብለህ ሳቅህ። እማማ አለቀሰች። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። አባባ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መሐላ እንደተቀበለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የክለቡ ሊቀመንበር ስማችንን ሲጠራ «ታውኖ ካርፒነን፣ በሌለበት፣ አባቱ» ይላል። ሁለት ጊዜ አገር ቤት መጣህ፤ ሁለቱንም ጊዜ በበጋ፣ ኩሬው ላይ ዳክዬ ሲዋኝ።

አባባን አታውቃቸውም አልልህም። የምታውቃቸውን ሰው ግን ጭንቅላትህ ውስጥ ወጣት አድርገህ አስቀምጠኸዋል። ሰርጋቸው ቀን ጠዋት የአውራጃ ውድድር ገብተው፣ ዋንጫ በብብታቸው ይዘው፣ ላባቸው ሳይደርቅ ቤተ ክርስቲያን የደረሱ ሰው ናቸው። እማማ እስክትሞት «ሙሽራዬ መጣልኝ፤ መጣልኝ ግን ሁለተኛ ወጥቶ ነው» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። ዋንጫውንም የገንፎ ዱቄት መስፈሪያ አደረገችው፤ ዛሬም ዱቄቱ ውስጥ ነው። ሱቅ ሲልከን ሰዓት ይዞ በር ላይ የሚጠብቅ አባት ከእኛ ሌላ ማን ነበረው? «ትናንት ይሻልሽ ነበር፤ ቅቤው ከበደሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ሬዲዮውን በረት ውስጥ ሰቅለው እያለቡ ውድድር ሲሰሙ፣ የእኛ ሰው ዳገት ላይ ሲደክም «በክንድህ! በክንድህ ግፋ እንጂ አንተ ሰነፍ!» ብለው ሲጮኹ ላሞቹ ደንግጠው ወተት ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ የዓለም ሻምፒዮና ሲደርስ የምታልበው እማማ ነበረች።

እንዲህም ሆነው፣ እሷ በረት ስትገባ ጠዋት ጠዋት ጠጉሬን የሚጎነጉኑልኝ እሳቸው ነበሩ። የወታደር ቋጠሮ ስለሚቋጥሩት ዓይኔ እስኪሳብ ይጠብቃል፤ ግን እስከ ማታ አይፈታም። እማማ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ደግሞ በእግር በሚገፋው የበረዶ ጋሪ አስቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ይወስዷት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሆን ብለው ይለቁታል። «ኦይቫ! ቀስ በል፣ አንተ ያበድክ ሽማግሌ!» ስትል መንደሩ በሙሉ ይሰማታል። ስትሞት ጋሪውን አጥበው ጎተራ ሰቀሉት። ለአንድ ወር ያህል ሬዲዮ አልከፈቱም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁላቸው።

አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። በመጸው እንጨት ሲፈልጡ ወደቁ። ሐኪሟ መርምራ «ልብዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ እንጂ መንሸራተት የሚባል የለም» አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ «ጥሩ፣ ቀስ ብዬ እንሸራተታለሁ» አሏት። ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ምን ልበላት?

የራሳቸውን ዙር ያለ ክርክር ለኢዳ ሰጧት። የልጅ ልጄን ነው የምልህ፤ በፎቶ ላይ ያየሃት ረጅሟ። ደስ ብሏቸው ነው የሰጧት፣ የመንሸራተቻዋን ሰምም ራሳቸው መርጠው ቀቡላት። ተመስገን አልኩ። ያንተ ዙር ላይ ስንደርስ ግን፣ ወይ ፍንክች! «የራሴንም የታውኖንም እኔ እሄዳለሁ» አልኳቸው። «የለም» አሉ። ሬይዮ «እየተንፏቀቅኩም ቢሆን እዞርልዎታለሁ» አለ። «አንተ አማች ነህ፤ ሾርባህን ጠጣ» አሉት። ምላሴ ጠጉር እስኪያበቅል ለመንኳቸው። መጨረሻ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ምን አሉኝ መሰለህ? «ሲርካ፣ የራሴን ሰጥቻለሁ፤ የራሴ ነዋ። ይኸኛው የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው። ቪልሆ መጥቶ አይጠይቀኝም። ታውኖ ግን በሕይወት አለ። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ‹ዙሬስ?› ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

አየህልኝ? እሳቸው «ምን እለዋለሁ?» እያሉ ይጨነቃሉ፤ አንተ ደግሞ ጥያቄ እንዳለብህም አታውቅም። ለዚህ ነበር ያን ደብዳቤ የጻፍኩልህ። ለዚህ ነበር «አንድ ቃል ብቻ ንገራቸው» ያልኩህ። አንድ ቃል ከበደህ!

እሺ፣ አንተ ካልረዳኸኝ በራሴ መንገድ ልሞክር አልኩ። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው መንሸራተቻቸውን ወስጄ በጎረቤታችን በአውኔ ጎተራ ውስጥ፣ ከገለባው ኋላ ደበቅሁት። አባባ ሲያጡት አልጮኹም፣ አልጠየቁኝም። አንድ ጊዜ ብቻ አየት አድርገውኝ ወደ ሳውናው ጓዳ ሄዱና ያንተን ይዘው ወጡ። ያ የጥንቱ የእንጨት መንሸራተቻህ! በየመጸው ቅጥራን እየቀቡ ያስቀመጡት! «ስለ እሱ አይደል የምሄደው? በእሱ ልሂድ» አሉ፤ ጭራሽ ደስ አላቸው። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳትለኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ያለ እንጨት እግራቸው ላይ ያሰረው ያንተ «የሚመጣው ክረምት» ነው።

ውድድሩ ባለፈው እሁድ ነበር። ቀኑ ብራ፣ በረዶው ጠንካራ፣ የአተር ሾርባው ትልቁ ድስት ላይ ይንተከተካል፤ ሁሉም እንደምታውቀው ነው። የክለቡ ሊቀመንበር ካውኮ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የቤቶቹን ስም አነበበ። እንደ ድሮው «በሌለበት» የሚባል ሰው የለም፤ የጦርነቱ ሙታን ዙራቸው ለልጅ ልጆች ተሰጥቶ አልቋል። ካንተ በቀር። «ታውኖ ካርፒነን፣ በሌለበት፣ አባቱ» ሲል አባባ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኢዳ እንደ ወፍ በራ ሦስተኛ ሆና ገባች። ጀርባቸውን ነካቻቸው፤ አባባ ቀስ ብለው፣ እንደ ደንቡ፣ አንድ እግር አንድ እግር እያሉ ወደ ጫካው ወረዱ። ያው ሁልጊዜ መጨረሻ የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይመጡ ደግሞ ማንም ሾርባውን ጠጥቶ ቤቱ አይሄድም። ስለዚህ ጠበቅን። ሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ጨርሰው ገቡ። ጠበቅን። ከዚያ የካውኮ ስልክ ጮኸ። ከኩሬው ማዶ አላፊውን ለመቁጠር የቆመችው አውኔ ነች። «ኦይቫ ወድቋል። መንሸራተቻው ተሰብሯል። ግን እንዳትመጡ እያለ ነው» አለች።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኩሬው ዳር በረዶ ላይ ተቀምጠዋል፤ የግራው መንሸራተቻ ከመሃሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ «እንዳትነኪኝ!» ብለው የጮኹትን ጩኸት፣ ታውኖ፣ ከበረት ሬዲዮው ዘመን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። «አባባ፣ ይተዉ እንጂ፣ ይነሱ» አልኳቸው። «እነሳለሁ። አንቺ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» አሉኝ። ካውኮ እያለከለከ ደረሰ። «ጋሽ ኦይቫ፣ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፤ ለዛሬ ሕጉን ሽሬዋለሁ። ማንም ቢያነሳዎት ዙሩ አይሰረዝም» አላቸው። «አንተ ማን ነህና ነው የምትሽረው? ሕጉን ስናወጣ አንተ ጡት ትጠባ ነበር። ከመንገዴ ዞር በል!» አሉት። የተከተለው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘንጋቸውን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ፣ ወደቁ። እንደገና ሞከሩ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ትንሽ አረፉ። አባትህ በክንድህ ርቀት ላይ በረዶ ላይ እየተንፏቀቁ፣ አንተ እጅህን ኪስህ ከተህ መቆም ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከየት ታውቃለህ! አንዴ ጃኬታቸውን ጎትቼ ላነሳቸው፣ ዙሩም ይሰረዝ፣ ገደልም ይግባ አልኩና ተንቀሳቀስኩ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሱ። ተውኩት።

ቆሙ። አንዱ እግር በቀረው መንሸራተቻ፣ ሌላው በባዶ ጫማ፣ እየሰመጠ። ዘንጉን ይተክላሉ፣ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይቀጥላሉ። ሬይዮ ሲጋራ የሚያጨስ መስሎ ከፊት ከፊት እየሄደ በረዶውን ይረግጥላቸው ጀመር። «ሬይዮ! መንገድ መደልደልም እርዳታ ነው! ወደ ኋላ!» አሉት። ምስኪን ባሌ ቀልቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከሜዳው ሰው ሁሉ መጥቶ ግራና ቀኝ አጀባቸው። የሚያጨበጭብ የለም፣ የሚያወራ የለም። በስህተት እንዳይነኳቸው ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ኢዳ ብቻ እንባዋ ይወርዳል። አባባ አዩዋትና «ዙርሽን በስንት ጨረስሽ?» አሏት ትንፋሽ እያጠራቸው። ነገረቻቸው። «ዳገቱ ላይ ተኝተሻል» አሏት።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ሲደርሱ እኔ ቀድሜ ሮጬ መስመሬ ላይ ቆምኩ። ተቀባይ ፊቱን ወደ ፊት ነው የሚያዞረው። ስለዚህ አላየኋቸውም። ትንፋሻቸውን፣ የዘንጉን ድምፅ፣ ያንን ባዶ ጫማ ሰማሁ። ድምፁ ሲቆም የወደቁ መሰለኝ። ከዚያ መዳፋቸው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሌላ ጊዜ መታ አድርገው ነው የሚልኩኝ። አሁን ግን አስቀመጡትና ቆየ፤ በጃኬቱ በኩል ክብደቱ ይሰማኛል። ዞሬ ልደግፋቸው ስል «ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አሉኝ። «አልሄድም!» አልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን እግሬን መሬት ደበደብኩ። «ካልሄድሽ የለፋሁት ሁሉ ገደል ገባ!» አሉ።

ሄድኩ። አባቴን ብርድ ልብስ ሲያለብሷቸው ጥዬ ሄድኩ። ኩሬው ላይ ስደርስ ማንም እንደማይሰማኝ ሳውቅ አንተን በስምህ እየጠራሁ ሰደብኩህ፤ ያልሰደብኩህ ስድብ የለም፣ እዚህ አልጽፈውም፤ ሞሪን ታነበዋለች። ስመለስ አምቡላንሱ መጥቷል፤ አባባ ግን «የመጨረሻዋ ሳትገባ አልንቀሳቀስም» ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ትኩስ የፍራፍሬ ጭማቂ እየጠጡ ነው። መስመሩን ስረግጥ ካውኮ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «የካርፒነን ቤት። ኢዳ። ታውኖ፣ በሌለበት፣ አባቱ። ሲርካ። ተሟልቷል» አለ። ይህን ሲሰሙ ኩባያቸውን ለሬይዮ አቀበሉና በራሳቸው ፈቃድ ቃሬዛው ላይ ተጋደሙ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢነካቸው ግድ አልነበራቸውም።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። ልባቸው ከሚሠራው የሚያርፈው በዝቷል፤ «እስከሚቀጥለው በረዶ ይደርሳሉ ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። ይህንንም እንደ ሌላው ነገር ዘለህ እንዳታነበው።

ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እንደ ወትሮው መጀመሪያ የጠየቁኝ የበረዶውን ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ይጠነክራል፣ ቀትር ላይ ይላላል አልኳቸው። ከዚያ «ሲርካ፣ ከእንግዲህ አልችልም» አሉ። ታውኖ፣ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም፤ አንተም አልሰማኸውም። ብርድ ልብሳቸውን ሳስተካክል «ዙሪ» አሉኝ። «ለምን?» አልኩ። «ዙሪ ነው የምልሽ።» ዞርኩ። መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ፣ እዚያው እሁድ ዕለት ያስቀመጡበት ቦታ ላይ አሳረፉት። «ይኸ ላንቺ አይደለም። የልጁ ነው። አስተላልፊልኝ» አሉ። ስዞር ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ መስሎኝ ልወጣ ስል «ሬዲዮውን ክፈቺው» አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ! ተናድጃለሁ፤ በእሳቸው ግትርነት ተናድጃለሁ፣ በዚያ ሕግ ተናድጃለሁ፣ ከሁሉ በላይ ባንተ ተናድጃለሁ። መዳፍ በፖስታ አይላክ! አትደውል። ብትደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ አልይዝልህም፤ «የሚመጣው ክረምት» የምትል ቃል ሁለተኛ እዚያ ክፍል ውስጥ አትገባም። መምጣት የማትችል ከሆነ ለእኔ ንገረኝ፤ ስምህን ከካውኮ ዘንድ አስወጣለሁ፣ ለአባባም ፊት ለፊት ቆሜ እኔው እነግራቸዋለሁ። ይህንን ቢሆን እችለዋለሁ። የማልችለው እሳቸው በር በሩን እያዩ ሲጠብቁ አጠገባቸው መቀመጥ ነው።

በረዶው ዘንድሮ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይቆያል ይላሉ። ያንተ መንሸራተቻ ተሰብሯል፤ ሬይዮ ሳውና ሊያነድበት ሲል ነጥቄዋለሁ። የአባባን ከአውኔ ጎተራ አምጥቼ ቅጥራን ቀብቼ ሳውናው በር ላይ አቁሜዋለሁ። ቁመታችሁ አንድ ነው።

ለሞሪን ሰላምታዬን ንገራት፤ በእሷ አልተናደድኩም። ለእናቷ እግዜር ይማርዎት በልልኝ። ግራንትንና ሊያንን ሳምልኝ፤ አያታቸው ፎቷቸውን አልጋቸው ራስጌ አስደግፈውታል። ሬይዮ ሰላም ይልሃል፤ «አማች መሆኔን ዘንድሮ በደንብ አወቅሁ በይው» ብሏል። ኢዳ ሰላም ትልሃለች፤ አይታህ አታውቅም ግን ካንተ ቀድማ ስለምትሄድ እንዴት እንደምትንሸራተት ማየት ትፈልጋለች። አውኔም ካውኮም ሰላም ይሉሃል።

አባባ ሰላም በይልኝ አላሉኝም። የሰጡኝ ያችን መዳፍ ብቻ ነው። መስመሩ ላይ ቆሜአለሁ፣ ወንድሜ፤ መጥተህ ተቀበለኝ።

እህትህ ሲርካ
ሙስታላምፒ፣ ፊንላንድ
ማርች 19 ቀን 2008